ከጉግስ ሜዳ እስከ ጣር አልጋ፦ «አጎኒ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አመጣጥ

(በጥርባ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)

በሩ ላይ ቆማችሁ የምትሰሙ ተማሪዎች ግቡ፣ ከፊት ቦታ አለ።

ዛሬ የማነሣው ቃል ለወጣቶቹ እንግዳ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ኳስ ያየ ሁሉ ሰምቶታል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንዱ ፔናልቲ ይስታል፤ ካሜራው ፊቱን በመዳፉ ወደ ሸፈነ ደጋፊ ይዞራል፤ እንግሊዛዊው ኮሜንታተርም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አጎኒ» ይላል። ተማሪው በማግስቱ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ «ከባድ ሥቃይ፣ ጣር» የሚል ፍቺ ያገኛል። እንዴ! ቡድኑ ስለ ተሸነፈ ሰው ጣር ላይ ነው ይባላል? ኮሜንታተሩ አጋነነ ትሉ ይሆናል። ማጋነኑንስ አጋንኗል፤ ነገር ግን ሳያውቀው ቃሉን ወደ ተወለደበት ሜዳ መልሶታል። «አጎኒ» የተወለደው በሽተኛ አልጋ ላይ ሳይሆን ውድድር ላይ ነው።

እንግሊዝኛ ለመከራ ብዙ ቃላት አሉት፤ አብዛኞቹም ከግሪክና ከላቲን ተነሥተው በፈረንሳይኛ በኩል የገቡ ናቸው። ሁለቱን ብቻ ልንካና ወደ ዋናው ልለፍ። «ፔይን» ዛሬ ሕመም ነው፤ ጥርስም ሆድም ሲያም የሚባለው እርሱ ነው። መነሻው የግሪኩ «ፖይኔ» ሲሆን ትርጉሙ የደም ካሳ ነበር፤ ገዳይ ለሟች ወገን የሚከፍለው። የላቲን ተናጋሪዎች ሲወስዱት ቅጣት አደረጉት፤ ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ሕመም ሆነ፣ ሌላው ደግሞ ያው የምታውቁት ፔናልቲ ሆኖ ቀረ። ሕመምና የፍጹም ቅጣት ምት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ሐኪሙም ዳኛውም አያስቡት።

ሁለተኛው «ሳፈር» ነው፤ ተሠቃየ ማለት። ከላቲን «ከታች» እና «መሸከም» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ ከሸክም ሥር ሆኖ መያዝ። ለዚህ ደግሞ እኛ ዘመድ አለን። በግእዝ «ጾረ» ማለት ተሸከመ ነው። ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር እንደ ተባለው ሁሉ አማርኛ «ጸ»ን ወደ «ጠ» ሲለውጠው «ጦረ» ሆነ። ወላጁን የሚጦር ልጅ፣ ጧሪ ቀባሪ፣ በየወሩ ባንክ የምትሰለፉለት ጡረታ ሳይቀር ከዚያ ሸክም የወጡ ናቸው። እንግሊዞች ተሸካሚውን አይተው «ተሠቃየ» አሉ፤ እኛ ደግሞ ሸክሙ ማን እንደ ሆነ አይተን እናት አባትን ማኖር አደረግነው። «ቻለ» የሚለውንም አስቡት፤ አንድ ነገር ማድረግ ሆነለት ማለትም ነው፣ መከራውን ተሸከመ ማለትም ነው። «እንዴት ቻልሽው?» ስንል የትኛውን እንደ ጠየቅን ሰሚዋ ከድምፃችን ትለየዋለች።

አሁን ወደ «አጎኒ»። ሥሩ የግሪክ ግሥ ነው፤ መምራት፣ መንዳት፣ ማምጣት የሚል። ከእርሱ «አጎን» የሚል ስም ወጣ፤ መጀመሪያ ትርጉሙ ስብሰባ፣ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ዝም ብሎ አይቀመጥምና ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ውድድር ዞረ። ሆሜር የኢልያዳ 23ኛ መጽሐፉ ላይ አኪሌስ ለሞተው ወዳጁ ለፓትሮክሉስ ያደረገውን የቀብር ውድድር ይተርካል። ከሁሉ በፊት የተካሄደው የሠረገላ ፈረስ እሽቅድምድም ነው፤ ትግሉም፣ ቡጢውም፣ የእግር ሩጫውም የመጡት ከፈረስ በኋላ ነው። ለጀግና ለቅሶ ፈረስ ማውጣት ለዚህ አዳራሽ ሰው ምን ያስደንቀዋል? በኦሎምፒያም ጨዋታው በ776 ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደ ተጀመረ ይነገራል፤ በ680 የአራት ፈረስ ሠረገላ ተጨመረበት። አሸናፊው ገንዘብ አይሰጠውም ነበር፤ የሚደፋለት ከዱር ወይራ የተጎነጎነ አክሊል ነበር። አክሊሉን በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለ ጥር 23 ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ቢሆንም ንግግሩ ታትሞ ሌላ አገር ይደርስ ይሆናልና ልናገር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኛው ከየወረዳው ተነሥቶ እንጅባራ ይሰበሰባል። ቀኑ የጊዮርጊስ ነው፤ የዐድዋ ድልም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእርሱ ቀን ስለ ዋለ፣ በዓሉ ሰማዕቱንም፣ የዘመቱትን አባቶችም፣ አብረዋቸው የወደቁትን ፈረሶችም ያስባል። እንግዲህ ሕዝብ የተሰበሰበበት፣ ፈረስ የሚነዳበት፣ ውድድር ያለበት፣ የሞቱት የሚታሰቡበት ሜዳ። አንድ የጥንት ግሪክ ከመቃብር ተነሥቶ እንጅባራ ቢመጣ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «አጎን» ብሎት ቦታውን ይይዛል።

ጉግሱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሸሺው እርካቡን ረግጦ ፈረሱን ያስወጣል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ይከተላል። ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞርና ከጋማው ጋር ይተኛል፤ አንድ ዓይኑ በብብቱ ሥር ወደ ኋላ ነው። ዘንጉ ከእጅ ወጥቷል፣ ጋሻው ላይ ግን ገና አላረፈም። ተመልካቹ ትንፋሹን ይይዛል፤ የፈረሱ ላብ ከግላሱ ሥር አረፋ ሆኖ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ሸሺውን ምንም አላመመውም፤ አካሉ ግን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራሱ ተገትሯል።

«አጎንያ» ለሚለው የግሪክ ቃል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መጀመሪያ ትርጉሙ ፉክክሩ ራሱ ነበር፤ በኋላ ተፎካካሪው ከመነሣቱ በፊትና በመካከሉ የሚይዘው የልብ መወጠር ሆነ። በአርስጣጣሊስ ስም የተላለፈ አንድ የጥያቄዎች መጽሐፍ «አጎንያ» ላይ ያሉ ሰዎች ፊታቸውን ሳይሆን እግራቸውን ለምን ያልባቸዋል ብሎ ይጠይቃል። መልሱን እንተወው፤ ጥያቄው ግን ቃሉ የየት አገር ሰው እንደ ነበረ ይነግረናል። የሚያልበው በሽተኛ ሳይሆን ተራውን የሚጠብቅ ተወዳዳሪ ነው። ኢስጦይኮች የተባሉት ፈላስፎችም ከፍርሃት ዓይነቶች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል፤ የመሸነፍ ፍርሃት።

ታዲያ ሜዳውን ጥሎ ጣር አልጋ ላይ የወጣው መቼ ነው? መንገዱ በጌቴሴማኒ በኩል ያልፋል። ወንጌላዊው ሉቃስ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ባለ መድኃኒት ብሎ የሚጠራው ሰው፣ ጌታ በስቅለቱ ዋዜማ ሲጸልይ የነበረበትን ሁኔታ በምዕራፍ 22 ቁጥር 44 ሲጽፍ «አጎንያ» በሚለው ቃል ተጠቀመ። ከዚያው ጋር ስለ ወዙ መናገሩን ልብ በሉ፤ ላብና «አጎንያ» በግሪኮች ዘንድ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ነበሩ። የላቲን ተርጓሚዎች ቃሉን ሳይተረጉሙ እንዳለ አስቀመጡት። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጆን ዊክሊፍ ስም የሚታወቀው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲዘጋጅም ቃሉ «አጎኒ» ሆኖ ገባ፤ በ1611 እ.ኤ.አ. የወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉምም አጸናው። እንግሊዛዊው ገበሬ ሜዳውን አላየም፤ ኦሎምፒያን አያውቅም። ቃሉን የሰማው በሕማማት ሳምንት፣ ደም የመሰለ ወዝ ከሚወርድበት ታሪክ ጋር ነው። ስለዚህ ፉክክሩ ረግፎ ሥቃዩ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ለሚሞት ሰው ጣር ሆነ፣ ቀጥሎ ለማንኛውም ከባድ ሕመም፣ እየዋለ እያደረም ረክሶ ጫማ መምረጥ ያቃተው ሰው ሁሉ «አጎናይዝ አደረግሁ» የሚልበት ደረጃ ደረሰ። በእንግሊዝ ጋዜጦች የፍቅርና የትዳር ችግር የሚጽፉላትን አንባቢዎች የምትመክር ሴት «አጎኒ አንት» ትባላለች፤ ቃል በቃል ቢወሰድ የጣር አክስት። እንዲህ ያለች አክስት ከማግኘት ይሰውረን።

የድሮው ትርጉም ግን ጨርሶ አልሞተም፤ የተማሩ ዘመዶቹ ጋ ተደብቋል። በድራማ ዋናው ባለታሪክ «ፕሮታጎኒስት» ሲባል የመጀመሪያው ተፎካካሪ ማለት ነው፤ ተቃራኒው «አንታጎኒስት» ደግሞ ፊት ለፊት የሚገጥመው። ባለቅኔው ጆን ሚልተን በ1671 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሰቱ ዓይኑ የጠፋውን ሶምሶን «አጎኒስቴስ» ብሎ ሲሰይመው ብዙ አንባቢ «ሥቃየኛው ሶምሶን» ብሎ ያነብበዋል፤ ሚልተን ግሪክኛ ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና ያለው «ታጋዩ ሶምሶን» ነው።

እኛ ይህንን ቃል በምን ተረጎምነው? መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የመለሰው የጎጃም ሰው ነው፤ አባ አብርሃም፣ ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሉት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል የደከመበት፣ 9,539 ገጽ የሞላ ሥራ። ከእርሱ ወዲህ ትርጉሙ ብዙ ጊዜ ታርሟል። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን ስታነቡ በዚያች የሉቃስ ቁጥር ላይ የምታገኙት ግሥ «ሲጣጣር» የሚል ነው። ያንን ግሥ የመረጠውን ሊቅ ባገኘው ጫማውን እስም ነበር፤ አንድ ቃል ውስጥ ሁለቱንም የግሪኩን ትርጉም ይዟልና።

እንመልከተው። አንድ ሰው ሊሞት ሲል «ጣር ይዞታል»፣ «እያጣጣረ ነው» እንላለን። በእንቅልፉ የሞተውን «ጣር ሳያበዛበት ሄደ» ብለን እንጽናናለን። ያው ቃል ግን በማግስቱ እርሻ ላይ ይገኛል። «ጥሮ ግሮ አዳሪ ነው» ይባላል፤ ድንቹን ቆፍሮ፣ ከሰሉን አክስሎ ልጆቹን የሚያሳድግ ማለት ነው። ጣረ፣ ጥረት፣ ተጣጣረ። አስተማሪው «ጥረት ይጎድልሃል» ብሎ የፈተና ወረቀት ላይ የሚጽፈውም ያንኑ ነው። ሥሩ የግእዙ «ጻዕር» ሲሆን ትርጉሙ ጭንቅ፣ ሥቃይ ነው። «ጸ» ወደ «ጠ» ሄዶ «ዐ» ሲዋጥ «ጣር» ይሆናል፤ ከላይ ጾረ ጦረ የሆነበት መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱ ሕዝቦች ቃላት በመንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ግሪኩ የጀመረው ከጥረት ነው፤ በወንጌሉ በኩል አልፎ እንግሊዝ ሲደርስ ሥቃይ ሆነ። የእኛው የጀመረው ከሥቃይ ነው፤ አማርኛ ሲደርስ ጣሩን ሳይጥል ጥረትን ወለደ። እንግሊዛዊው ዛሬ «አጎኒ» ብሎ ስለ ጥረት ማውራት አይችልም፤ ሰሚው አይገባውም። አማርኛ ተናጋሪ ግን በአንድ ቀን ጠዋት ለሚያጣጥር አባቱ አልቅሶ ማታ «እኔም ልጣር እንጂ» ይላል፤ ከአንድ ጉድጓድ ውኃ እንደ ቀዳ ልብም አይለው። በዚህ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ አላችሁ። አውኚ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ ከግእዝ ቤት አልወጣም። ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ከአያቶቻችሁ ጋር ስትቀመጡ ጣርና ጥረት በአውኚ ዘመዳሞች ናቸው ወይስ ባዳ ብላችሁ ጠይቁና ጻፉልኝ።

አክሊሉን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ግእዝ ለ«አጎን» የሰጠው ሁለተኛ ስም አለ፤ ያም ከጻዕር ይልቅ የተከበረው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሁለተኛውን የጢሞቴዎስ መልእክት ሊጨርስ ሲል፣ ሞቱ እንደ ቀረበ አውቆ፣ ራሱን ሩጫውን እንደ ጨረሰ ተወዳዳሪ አድርጎ ይናገራል፤ አክሊል እንደ ተዘጋጀለትም ይጨምራል። እዚያ የግሪኩ ቃል «አጎን» ነው። የእኛ መጽሐፍ «ገድል» ይለዋል። ገድል! ገድለ ጊዮርጊስ፣ ገድለ ተክለ ሃይማኖት፣ የዛጕዌው ንጉሥ ገድለ ላሊበላ። ከ«ተጋደለ» የወጣ ነው፤ ታገለ፣ ተፋለመ።

የጊዮርጊስ ገድል ሲነበብ ብዙዎቻችን በጆሯችን የሚቀረው የሥቃዩ ዓይነት ነው፤ ንጉሡ ዱድያኖስ ያስፈጫቸው አጥንቶች፣ በይድራስ ተራራ ላይ የተበተነው ዐመድ፣ ሰባት ዓመት የቆየው መከራ። ልጆች ሲሰሙ ያስፈራቸዋል፤ አንዳንድ ዘመነኛ ደግሞ «ይህ ሁሉ ጭካኔ ለምን ይተረካል?» ይላል። እኔ ርእሱን አንብቡት እላለሁ። መጽሐፉን «ሥቃየ ጊዮርጊስ» ያለው የለም። ደራሲው ሰማዕቱን ያየው በመንኮራኩር ሥር የተጋደመ ሰው አድርጎ ሳይሆን ሜዳ የገባ ተጋዳይ አድርጎ ነው፤ ስለዚህም በመጨረሻ የሚሰጠው ሰባት አክሊል ነው። አክሊል ለበሽተኛ አይሰጥም፤ ለአሸናፊ ነው። ሥዕሉም ቢሆን ፈረስ ላይ ነው የሚያሳየን፤ ከእናንተ ይልቅ ይህ የሚገባው ሰው ከወዴት ይመጣል?

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የምፈራው አንድ ነገር አለ። «መከራ ትግል ነው» የሚል ቃል ለታመመ ሰው ሲነገር ዱላ ይሆናል። ምጥ የያዛትን «ቻይው፣ እናትሽም ችላዋለች» እያሉ ጤና ጣቢያ ሳይወስዱ ማሳደር፣ ካንሰር ያለበትን «ጠንክር እንጂ» ብሎ የሕመም ማስታገሻ መንፈግ፤ ይህን ያየን ብዙዎች ነን። ጊዮርጊስ ወዶ ገባ፤ በሽተኛ ወዶ አልገባም። ታጋይ ብለን ከጠራነው ቢያንስ ጋሻ እናቀብለው፤ ጋሻውም ሐኪም፣ መድኃኒት፣ ሌሊቱን አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ፣ ለዚህ ነው የጤና ባለሙያ አብራኝ የመጣችው። ሐኪሞች ዛሬም ድረስ «አጎናል» የሚሉት አተነፋፈስ አለ፤ ስሙ የመጣው ከዚሁ ቃል ነው፣ የጣር ትንፋሽ እንደ ማለት። ደኅና የነበረ ሰው ድንገት ይወድቃል፤ ልቡ ደም መርጨት አቁሟል። አንጎሉ ሥር ያለው ክፍል ግን ገና ስላልሞተ ደረቱን አልፎ አልፎ ይስባል፤ አፉን ከፍቶ ይቃትታል፣ ያንኮራፋል፣ እንደገና ዝም ይላል። አጠገቡ ያለው ሰው ይህን አይቶ ከሁለት አንዱን ይላል። ወይ «ይተነፍሳል፣ ደኅና ነው» ብሎ ውኃ ሊያጠጣው ይሮጣል፤ ወይ «እያጣጣረ ነው፣ አትንኩት፣ ነፍሱ በሰላም ትውጣ» ብሎ ለቅሶ ይጀምራል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ለዓመታት ታምሞ በቤቱ ሊያርፍ የደረሰ ሽማግሌ ሌላ ነው፤ እርሱን እጁን ይዛችሁ ሸኙት። በድንገት የወደቀው ግን ጨዋታው አላለቀም። ቢጠሩት የማይሰማ፣ ቢነቀንቁት የማይነቃ፣ ትንፋሹም የተቆራረጠ ወይም የሌለ ከሆነ ወዲያው ደረቱን መጫን ያስፈልጋል።

አንዱ 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌላው ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው ያስተኛው። የመዳፋችሁ ተረከዝ በደረቱ መካከል፣ በሁለቱ ጡቶች መሀል ይረፍ፤ ሁለተኛው እጅ በላዩ። ክርናችሁን ሳታጥፉ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ተጫኑ፤ ደረቱ ተመልሶ እንዲነሣ ልቀቁት፤ ድገሙት። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፤ ማለትም በሰከንድ ሁለት ከመሙላት ትንሽ የዘገየ። ጎድን ይሰበራል ብላችሁ አትፍሩ፤ ጎድን ይጠገናል። ከውኃ ለወጣ ሰውና ለሕፃን ከመጫኑ ጋር እስትንፋስ መስጠትም ያስፈልጋል፤ እርሱን የጤና ባለሙያዋ ታሳያችኋለች። ሥራው ያደክማል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ክንድ ይዝላል፣ ስለዚህ እየተቀያየራችሁ ነው። ባለሙያ እስኪመጣ ወይም ሰውየው እስኪነቃ ማንም አያቁም።

እንግዲህ እንለማመደው፤ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው አስጠጉልኝ። ገለባ የተሞላው ጆንያ መሀል ይምጣ። ፈረሰኞቹ ቀድማችሁ ኑ፣ ክንዳችሁ የለመደ ነው፤ እናቶችም ከኋላ አትቅሩ፣ ሰው ቤት ውስጥ ሲወድቅ ቀድመው የሚደርሱት እናንተ ናችሁ።